ከአጥሩ ውጭ የተሳለው ሰው

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት ወላይታ ሶዶ ሲሆን ጂንካ የሄድኩት ለሥራ ነው። የጂንካ ዩኒቨርሲቲ ገና አልተከፈተም ነበር። አውሮፕላን የሚያርፍበት ሣር ሜዳ ከተማው መሃል ነበር፤ አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። እኔም ከሜዳው ማዶ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር።

የተቀጠርኩት ድሃ ቤተሰቦችን በልጆቻቸው በኩል በሚረዳ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ከአንድ ቤት አንድ ልጅ ይመዘገባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሩቅ አገር ያለ ሰው ስፖንሰር ይሆነዋል። ከዚያ በልጁ ስም ለቤቱ ዱቄት፣ ሳሙና፣ ደብተር፣ አንዳንዴም ፍራሽ ይመጣል፤ የታመመም ይታከማል። ልጆቹ «ቲቸር» ይሉኝ ነበር እንጂ አስተማሪ አልነበርኩም። ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞሩ ፎርም መሙላት ነው። መንገድ ላይ ሳልፍ እናቶች ከደጃቸው ብድግ ይሉልኝ ነበር። ልዋሽ አልፈልግም፤ ያ ነገር ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያን ጊዜ ድርጅቱ የሚመዘግበው አባት የሞተባቸውን ልጆች ብቻ ነው። ያለው እርዳታ ለሁሉም አይዳረስም፤ ስለዚህ አባት የሌለው ይቅደም ተባለ። ሲሰሙት ትክክል ነው። እኔም አንድም ቀን ተጠራጥሬው አላውቅም።

ታዲያ አንድ ሰኞ ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ልጆቹ ስለሚያገኙት ድጋፍ ምን እንደሚያስቡ ጠይቃችሁ ሪፖርት አድርጉ ይላል። ኃላፊያችን አቶ መስፍን ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና፣ «ትዕግስት፣ ይሄ ያንቺ ነው፤ ልጆች አንቺን ይወዳሉ። ነገ ከሰዓት ከዋናው መሥሪያ ቤት የክትትል ባለሙያ ይመጣል፣ ባዶ እጃችንን እንዳያገኘን» አለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ስድስት ልጆች ድርጅቱ አብሮት በሚሠራው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ማንጎ ዛፍ ሥር ሰበሰብኩ። መጀመሪያ ያልኳቸውን ነገር እስከ ዛሬ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «እዚህ የምትናገሩት ነገር ማንንም አይጎዳም። ስማችሁንም አንጽፍም። የልባችሁን ተናገሩ።»

ማንም የልቡን አልተናገረም። «ድጋፉ ጥሩ ነው?» ስላቸው «ጥሩ ነው!» ይላሉ በአንድ ድምፅ። «የሚቀየር ነገር አለ?» ስላቸው «የለም! እግዚአብሔር ይስጥልን!» እናቶቻቸው ማልደው አስጠንተው እንደላኳቸው ፊታቸው ላይ ይታያል።

ነጭ ወረቀትና ቀለም አደልኳቸው። «ድጋፉ ቤታችሁ ምን እንዳስገባ ሳሉልኝ» አልኩ። ከዚያ በፎርሙ ላይ ያልነበረ ጥያቄ ከአፌ ወጣ። «ከቤታችሁ ያስወጣው ነገር ካለም ሳሉልኝ።»

እጃቸው ሥራ ሲይዝ አፋቸው ተፈታ። አንዱ ልጅ ቀና ሳይል፣ «ዱቄት በሚሰጥበት ቀን ትምህርት ቤት ስማችን በሰልፍ ላይ ይጠራል፤ ከዚያ ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ ‹ተረጂ› ይሉናል» አለ። አንዷ፣ «ፍራሹ የኔ ነው ተብሎ ብቻዬን አስተኙኝ። እህቴ መሬት ላይ ተኛች። እሷ አኮረፈችኝ፣ እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለች። ሌላው ደግሞ፣ «ፎቶ ስንነሳ ለምንድን ነው አትሳቁ የምትሉን?» ብሎ ጠየቀኝ። አትሳቁ የምላቸው እኔ ነበርኩ።

እየጻፍኩ ሳለ የብርቱካንን ወረቀት አየሁት።

ብርቱካን አሥር ዓመቷ ነበር። ቀጭን፣ ረጋ ያለች የአሪ ልጅ ናት፤ አማርኛ የለመደችው ትምህርት ቤት ገብታ ስለሆነ ሰው ሲያናግራት ቃላቱን አንድ በአንድ እያነሳች ነው የምትመልሰው። ቆርቆሮ ቤት ስላለች። ቤቱ ውስጥ እናቷ፣ እሷና ታናሽ ወንድሟ አሉ፤ አጠገባቸው የዱቄት ከረጢት። በቤቱ ዙሪያ አጥር። ከአጥሩ ውጭ አንድ ረጅም ሰው አንድ እጁን አንስቶ ቆሟል። ከእግሩ ሥር «አባቴ» ብላ ጽፋለች።

ፋይሏን የሞላሁት እኔ ነኝ። አባቷ በሕይወት የለም ይላል።

«ብርቱካን፣ ይሄ ማነው?»

«አባቴ።»

አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «ቲቸር፣ አባቷ ሞቷል» አለችኝ ፈጠን ብላ።

«አልሞተም» አለች ብርቱካን።

እጇን ይዤ ከግንዱ ጀርባ ወሰድኳትና ቁጢጥ ብዬ፣ «ታዲያ ለምን ከአጥር ውጭ ሳልሽው?» አልኳት።

«ድጋፉ አስወጣው» አለችኝ።

ከዚያ ነገረችኝ። ገጠር ነበሩ። አባቷ ከዛፍ ወድቆ ጎኑ ተጎዳ፣ ማረስ አቃተው። እናቷ ሁለቱን ልጆች ይዛ ቀድማ ጂንካ ገባች። ትንሹ ወንድሟ የሚጥል በሽታ አለበት። አንዲት ጎረቤት አባት ያለው ልጅ እንደማይመዘገብ ስትነግራት፣ እናትየው ልጇን ልታስመዘግብ መጥታ «ባሌ ሞቷል» አለች። ባልየው ከወራት በኋላ ተከትሎ ሲመጣ ለሰፈሩ ሰው የእናትየው ወንድም ነው ተባለ።

«አሁን አጎቴ ነው» አለች ብርቱካን። «ወፍጮ ቤት ይሠራል። እዚያው ነው የሚተኛው። ቅዳሜ ገበያ ላይ አገኘዋለሁ፣ ሸንኮራ ይሰጠኛል። አንድ ቀን ረሳሁና አባዬ አልኩት። እማዬ ቆነጠጠችኝ። እሱ ሳቀ። ከዚያ አለቀሰ።»

በዚህ አላበቃችም።

«ቲቸር፣ ዱቄቱን ውሰዱትና አባቴ ይግባ።»

አንባቢዎቼ፣ በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ። አዎ፣ አንጀቴን በላችው። ነገር ግን ከሐዘኑ ሥር ሌላ ነገርም ነበር፤ ኩራት። ትልቅ ነገር ያገኘሁ መሰለኝ። ይህን ሥዕል ያየ ሰው ሁሉ ደንቡ ቤት እያፈረሰ መሆኑ ይገባዋል፣ ደንቡም ይቀየራል፣ ያስቀየርኩትም እኔ እሆናለሁ ብዬ አሰብኩ። ከሰዓት ቢሮ ስገባ የልጆቹን ሥዕሎች ደራረብኩና የብርቱካንን ከሁሉም በላይ አድርጌ ለመጣው ባለሙያ አስረከብኩ።

ከእያንዳንዱ ወረቀት ጀርባ የልጁ መለያ ቁጥር ነበር። ጠዋት ሳድላቸው በራሴ እጅ የጻፍኩት ነው። በዚያ ቢሮ ቁጥር የሌለው ወረቀት ተቀባይ የለውም፤ እጄ ለምዶታል። ስማችሁን አንጽፍም ስላቸው ቁጥሩም ስም መሆኑ ጭራሽ አልታሰበኝም።

ረቡዕ ጠዋት አቶ መስፍን አስጠራኝ። የክትትል ባለሙያው አጠገቡ ተቀምጧል፤ መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ የብርቱካን ሥዕልና የብርቱካን ፋይል ጎን ለጎን ተዘርግተዋል።

«ጥሩ ሥራ ሠርተሻል» አለኝ ባለሙያው። «ግን ይሄ ኬዝ መጣራት አለበት። ነገ ቤታቸው እንሄዳለን።»

«ልጅቷ እኮ የነገረችን ደንቡ አባቷን ከቤት እንዳስወጣ ነው!» አልኩት። «ሐሳባቸውን ጠይቁ ያላችሁን እናንተ ናችሁ።»

«ሐሳቧ ይመዘገባል» አለ በእርጋታ። «የሐሰት መረጃው ደግሞ ለብቻው ይጣራል።»

አቶ መስፍን እስከ በር ሸኘኝ። «ትዕግስት፣ እኔም ልጆች አሉኝ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ጋ ብቻ ብታመጪው ኖሮ እናስብበት ነበር። አሁን እኮ ወረቀቱ ገብቷል።»

ምሳዬን ሳልበላ ወደ ብርቱካን ቤት ሮጥኩ። እናቷ ወይዘሮ አማረች ለመንግሥት ሠራተኞች ልብስ በማጠብ ነበር የምትተዳደረው። ስደርስ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ውስጥ ነው። እንደ ሁልጊዜው ብድግ አለችልኝ። ያን ቀን ብድግ ባትልልኝ እመርጥ ነበር።

ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም። እጇን በቀሚሷ ጠራረገችና ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

«ብርቱካን ናት የነገረችሽ?»

«አትቆጫት እባክሽ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ምንም አይደርስባችሁም ብያት ነው።»

«እሷማ ምን አጠፋች» አለች አማረች። «በአፌ የገደልኩት እኔ ነኝ። ስትጽፊ ፊት ለፊትሽ ቁጭ ብዬ ሞቷል አልኩሽ። ትዝ ይልሻል? አይዞሽ ብለሽ ትከሻዬን ነካ አደረግሽኝ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ የእውነት የሞተ መስሎኝ።» ወደ ቤቱ ውስጥ አየች። ትንሹ ልጅ ፍራሹ ላይ ተኝቷል። «አሁን ሊሰርዙን ነው። የሱን መድኃኒት ማን ይሰጠኛል? ኪኒኑ አንድ ቀን ሲቋረጥ እሳት ላይ ነው የወደቀው። ክንዱን አይተሽዋል።»

አይቼዋለሁ። ለሕክምናው ፋይል ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

በዚህ መሃል ብርቱካን ከትምህርት ቤት መጣች። እኔን ስታይ ፊቷ በራ፤ አባቷን ላስገባ የመጣሁ መስሏት ነበር። እናቷ ጠርታ በአሪኛ ቀስ ብላ ነገረቻት። ቋንቋውን አልሰማም፣ ፊቷን ግን አየሁ። ልጅቷ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ መሬት መሬት እያየች ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

ሐሙስ ጠዋት ባለሙያው፣ አቶ መስፍንና እኔ ሄድን። የድርጅቱ መኪና ሲቆም ጎረቤቱ ወጥቶ ከአጥሩ ዙሪያ ተሰበሰበ። ከሰዎቹ መሃል አንድ ረጅም ሰው ነበር። ቅንድቡና ከባርኔጣው ሥር የወጣው ጸጉሩ በዱቄት ነጥቷል፤ ወሬው ደርሶት ከወፍጮ ቤት ሮጦ መምጣቱ ነው። አንድ ጎኑን ደገፍ አድርጎ ቆሟል። ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩት።

ባለሙያው ክፉ ሰው አልነበረም። ብርቱካንን አጠገቡ አስቀምጦ «አትፍሪ» አላት፤ ከረሜላም ሰጣት። ከዚያ ሥዕሉን አወጣ።

«ጎበዝ ሠዓሊ ነሽ። ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«አጎቴ።»

«ከሥሩ ግን ‹አባቴ› ይላል።»

ከረሜላውን በጭብጧ ይዛዋለች።

«አባትሽ የት ነው ያለው?»

ብርቱካን መጀመሪያ እኔን አየችኝ። የምናገርላት ነገር ካለ ብላ ጠበቀችኝ፤ እንደጠበቀችኝ እርግጠኛ ነኝ። እኔ ዓይኔን ሰበርኩ። ከዚያ በአጥሩ በኩል ቀና ብላ አየችና፣

«ሞቷል» አለች።

«መቼ?»

«ገጠር እያለን።»

«የት ተቀበረ?»

«እዚያው።»

ረጅሙ ሰው ከነበረበት አልተነቃነቀም። ልጁ በቁሙ ስትቀብረው ጎረቤት መሃል ቆሞ ሰማ። በእጁ መዳፍ ፊቱን ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ጠረገ፤ ዱቄቱ ላይ እርጥብ መስመር ቀረ።

ባለሙያው ወደኔ ዞረ። «አንቺ ስትጠይቂያት ምን ነበር ያለችሽ?»

አቶ መስፍን ጫማውን ያያል።

«አጎቷ ነው ያለችኝ» አልኩ። «እንደ ልጁ ስለሚያያት ነው አባቴ ብላ የጻፈችው። ትናንት ያልኩት ስህተት ነው፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ባለሙያው ትንሽ አየኝና ማስታወሻውን አጠፈ። ድጋፉ አልተቋረጠም።

ከመኪናው ጋር ሳልመለስ በእግሬ ቀረሁ። የሰፈሩን መታጠፊያ ሳልፍ ከኋላዬ «እህቴ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እሱ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዟል።

«አመሰግናለሁ» አለኝ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩት።

«ሥዕሉን እኔ ከሩቅ ነው ያየሁት» አለ። «ምን እያደረግኩ ነው?»

«እጅዎን አንስተው ቆመዋል።»

«ሰላም እያልኳቸው ነው?»

«ይመስለኛል።»

ፈገግ አለ። «አንድ ቀን ታሳዪኛለሽ?» አለኝ። ከፋይል ማውጣት ቀላል እንዳልሆነ እያወቅኩ «አሳይዎታለሁ» አልኩት። በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ፋይሉን የከፈትኩ ጊዜ ሥዕሉ ከሪፖርቱ ጋር ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄዷል።

አባትየው ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ጎረቤቱ መንሾካሾክ ስለጀመረ እዚያ መታየቱ ለቤተሰቡ አደጋ ነው ብሎ ወደ ሰላማጎ ወረዳ፣ ሃና ከተማ አካባቢ የጫካ ምንጠራ ሥራ አለ ሲሉት ሄደ። ሸንኮራውም ቀረ። ዝናብ ሲገባ ወባ ያዘው። ሃና ላይ በዚያን ጊዜ መኪና የሚገኘው በዕድል ነው፤ መንገድ ዳር ሁለት ቀን መኪና ሲጠብቅ ሦስተኛውን ቀን አላየም። አብረውት የነበሩ ሰዎች እዚያው ቀበሩት።

ለቅሶ ደረስኩ። አማረች «ወንድሜ» እያለች ታለቅሳለች። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ዙሪያዋን ተቀምጠው በዝማሬ ያጽናኗታል። ብርቱካን ጥግ ላይ መሬት ተቀምጣ፣ «አጎቴ! አጎቴ!» እያለች ከሆዷ ነበር የምትጮኸው። አንዲት ደግ ሴትዮ ጭንቅላቷን እየደባበሱ፣ «ይበቃል ልጄ፤ ለአጎት እንዲህ አይለቀስም» አሏት።

ጩኸቷን ቀጥ አደረገች። ተነስታ አጠገቤ መጣችና አፏን ጆሮዬ ላይ አድርጋ፣ «ቲቸር፣ አባዬ ብዬ ላልቅስ?» አለችኝ።

እጇን ይዤ ከቤቱ ጀርባ ካለው እንሰት ውስጥ አስገባኋት። ማንም አያየንም፣ ዝማሬው ከሩቅ ብቻ ይሰማል። አቅፌ ደረቴ ላይ ለጠፍኳትና፣ «በይ፣ አሁን በይ» አልኳት።

ጠበቅኩ። ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል።

«አሁን እምቢ አለኝ» አለች።

ከዚያ ቀን በኋላ ቲቸር ብላ ጠርታኝ አታውቅም። የስፖንሰር ደብዳቤ በሚጻፍበት ቀን ትመጣለች፤ «ደኅና ነን፣ እናመሰግናለን» ብላ ትጽፋለች፤ ትሄዳለች። ሌላ ምን ልጽፍ ብላ አትጠይቅም፤ እኔም ሌላ ጻፊ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

እኔ ግን ጻፍኩ። የማንንም ስም ሳልጠራ፣ ቁጥርም ሳላደርግ፣ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ፍራሹ፣ ስለ ፎቶውና አባት ካለ አይመዘገብም ስለሚለው ደንብ ለዋናው መሥሪያ ቤት ሦስት ገጽ ላክሁ። «በሚቀጥለው ዕቅድ ይታያል» የሚል መልስ መጣልኝ። ስም በሰልፍ ላይ መጥራቱን አቶ መስፍን በራሱ ሥልጣን አስቀረልኝ። ደንቡ ግን እኔ ሥራውን እስክለቅ ድረስ እንዳለ ነበር። ለቅቄ አስተማሪ ሆንኩ፤ ዛሬም አስተምራለሁ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ምናልባት ከናንተ መሃል እንደ እኔ ፎርም ይዞ ልጅ ፊት የሚቀመጥ ይኖራል። ልጅ ሐሳቡን ይናገር ሲባል ደስ ይላል፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ግን አንድ ልጅ እውነቱን ሲነግራችሁ ቤቱን፣ እናቱንና የሚበላውን እጃችሁ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ከመጠየቃችሁ በፊት መልሱን ምን እንደምታደርጉት እወቁ። ማንንም አይጎዳም ብላችሁ ቃል የምትገቡት ጉዳቱን የምትከለክሉበት አቅም ካላችሁ ብቻ ይሁን። እኔ አሁን ተማሪዬ ምስጢር ስትነግረኝ፣ «ይህን ለሌላ ሰው እንድናገርልሽ ትፈልጊያለሽ? ለማን?» ብዬ ሳልጠይቅ አንድ እርምጃ አልሄድም።

ሐሙስ ዕለት መዋሸቴ ልክ ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም። እውነቱን ብናገር ትንሹ ልጅ መድኃኒቱን ያጣ ነበር። ስለዋሸሁ ደግሞ አባትየው የሚኖርበት ቦታ አጣ። ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ፤ ዛሬም አላውቅም።

ይህን ከመጻፌ በፊት ብርቱካንን አፈላልጌ ስልኳን አገኘሁ። አሁን በአንድ ወረዳ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ታናሽ ወንድሟ ደኅና ነው፣ አግብቷል። ታሪኩን ልጽፈው ነው አልኳት።

«ጻፊው» አለችኝ። «የኔንና የእማዬን ስም ቀይሪው። የሱን ግን አትቀይሪ። በሌላ ሰው ስም ተለቅሶለታል፤ ይበቃዋል።»

ዘለቀ ይባል ነበር። አባቷ ነበር።